የዘር በግ ከየት ይገዛል? በአርቢነት መመዝገብስ መቼ ነው?

አራት ኪሎ፣ ፒያሳና ካዛንቺስ እየኖሩ በሰንዳፋ ወይም በደብረ ብርሃን መስመር መሬት ይዘው የዘር በግ ለማርባት ላሰቡ ሰዎች የምሰጠው ጥቆማ፣ ከበጉ ቁመና ይልቅ መዝገቡን ግዙ የሚል ነው።

ሾላም ሆነ ካራ የዓመት በዓል በግ እንጂ የዘር በግ የሚገዛባቸው ገበያዎች አይደሉም። ገዢው ወገቡን ጨብጦ፣ ላቱን በመዳፉ መዝኖ፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አይቶ ዋጋ ይቆርጣል፤ እናቱ መንታ ትወልድ እንደነበር ቢጠየቅ ግን ነጋዴው ራሱ ከሌላ ነጋዴ የገዛው ስለሆነ መልስ የለውም። ከየአቅጣጫው የመጣ በግ ስለሚቀላቀልም ደስታ መሰል በሽታንና የበግ ፈንጣጣን ይዞ መመለስ አለ። እናት በጎችን ከዚያ መግዛት ግድ ከሆነ ለሦስት ሳምንት ያህል ለብቻ አቆይቶ ማስከተብ ያስፈልጋል፤ አውራ በግ ግን ከዚያ ባይገዛ ይመረጣል።

ዶርፐር አሁን በጣም ተፈላጊ ነው፤ የሚታለለውም ሰው በዚያው ልክ ነው። ዝርያው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በደቡብ አፍሪካ ዶርሴት ሆርን የተባለውን በግ ከጥቁር ራስ ፐርሺያን ጋር በማዳቀል የተገኘ ሲሆን፣ ይህ ጥቁር ራስ በግ መነሻው ከሶማሌ ምድር ነው። ስለዚህ ጥቁር ራስና ነጭ ገላ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ የእኛው የሶማሌ በግም መልኩ ያው ነው። የሶማሌው በግ ዳሌው ላይ የስብ ክምችት ይታይበታል፣ ዶርፐር ግን ያ የለውም። ዲቃላውን በዓይን ለይቶ የዶርፐር ደም ድርሻው ይህን ያህል ነው የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ የአባትና የእናቱን የጆሮ ቁጥር ጠይቁት።

ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣውን አዋሲ የተባለ የበግ ዝርያ ከመንዝ በግ ጋር የማዳቀሉ ሥራ በደብረ ብርሃንና በአመድ ጓያ የበግ ማራቢያዎች ለረጅም ጊዜ ሲካሄድ ቆይቷል። ሜዲ ቪስና የተባለው፣ ክትባትም መድኃኒትም የሌለው ዝግተኛ የሳንባ በሽታ ግን የአውራዎቹን ሥርጭት አስተጓጉሎት ነበር፤ ስለዚህ አዋሲ ወይም ዲቃላው ሲገዛ የደም ምርመራ ውጤት ሳይታይ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ለጀማሪ የምመርጠው ግን በማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ ሥራ የተመረጡ አውራዎችን ነው። ይህ ሥራ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንዝ፣ በቦንጋና በሆሮ ከአርሶ አደሮች ጋር ሲሠራ የቆየ ሲሆን፣ ግልገሉ ሲወለድ የጆሮ ቁጥር ይደረግለታል፣ ወላጆቹና ክብደቱ ይመዘገባል፣ ከአቻዎቹ የበለጠው ለዘር ይቀራል። የቦንጋ በግ ትልቅና መንታ በመውለድ የታወቀ ቢሆንም የለመደው እርጥበታማውን የካፋን ምድር ነው። ለሰንዳፋ ብርድና ለበጋው የመኖ እጥረት፣ ገላው ትንሽ ቢሆንም፣ መንዝ ይሻላል። አንድ አውራ ከ25 እስከ 30 እናቶች ይበቃዋል፤ ሴት ልጆቹ ለጥቂ (ለስሪያ) ሳይደርሱ ደግሞ መቀየር አለበት።

ወደ ምዝገባው ስንመጣ፣ ብዙ ሰው የንግድ ፈቃድንና የዘር ሐረግ ምዝገባን ያምታታል። የዘር ሐረግ ምዝገባ የሚመለከተው በጉን ነው፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተው የደቡብ አፍሪካ የዶርፐር አርቢዎች ማኅበር በጎቹን በዝርያው መለኪያ እያስመረመረ ይቀበላል፤ የንግድ ፈቃድ ግን ስለ ባለቤቱ እንጂ ስለ በጉ ዘር የሚናገረው ነገር የለም። ጥቂት እናቶች ይዞ ሙክቱን ለፋሲካ ለሚሸጥ ሰው በዘር አርቢነት ተመዝግቦ የንግድ ፈቃድ ማውጣት ገና ነው። ደረሰኝ ለሚጠይቁ ማኅበራትና ፕሮጀክቶች አውራ ማቅረብ ሲታሰብ ግን ፈቃዱ ያስፈልጋል፤ ያኔም ቢሆን ቢያንስ የሁለት ወሊድ መዝገብ በእጅ ቢኖር ጥሩ ነው። የመኖሪያ ክፍለ ከተማ ቢሮ ከመመላለስ በፊት፣ እርሻው ያለበትን ወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።