መራጩ ማኒፌስቶው እጁ ላይ እያለ ለምን በስሜት ይመርጣል? (የአምስት ተወያዮች ውይይት)

ዝክር
ለአገር አቀፍ ምርጫ የመራጮች ትምህርት የሚሆን የሁለት ሰዓት ሥልጠና እየተነደፈ ነው። የተለመደው እምነት «መረጃው ከደረሰው አመዛዝኖ ይመርጣል» የሚል ነው። ነገር ግን ፕሮግራሞቹን አንብቦ የጨረሰውም ሰው ድምፅ የሚሰጠው ቀድሞ ልቡ ላደላለት ነው። ችግሩ የመረጃ ማነስ ነው ወይስ ሌላ? መረጃ መጨመር ካልፈታው ሁለቱ ሰዓት በምን ይሞላ?

ቀመር
መጀመሪያ ሒሳቡ ይታይ። ኢኮኖሚስቱ አንቶኒ ዳውንስ እ.ኤ.አ. በ1957 እንዳስቀመጠው፣ ፖሊሲ አጥንቶ መምረጥ የሚያስገኘው ጥቅም የሚመዘነው የመራጩ አንድ ድምፅ ውጤቱን የመቀየር ዕድሉ ተባዝቶበት ነው። ዕድሉ ደግሞ ኢምንት ነው። የስታቲስቲክስ ምሁሩ አንድሩ ጌልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ለ2008ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ያሰሉት አማካይ ከ60 ሚሊዮን አንድ ነበር። የተሻለው ዕጩ ቢያሸንፍ መራጩ በግሉ 600,000 ዶላር ያገኛል እንበል፤ ለ60 ሚሊዮን ሲካፈል 1 ሳንቲም! ለአንዲት ሳንቲም ብሎ የበጀት ሰነድ የሚያገላብጥ ማን ነው? ስልክ ሲገዛ ቢሳሳት ኪሳራው የራሱ ስለሆነ አስሬ ያወዳድራል። በድምፁ ቢሳሳት ግን ለብቻው የሚከፍለው ዋጋ የለም። ስለዚህ ወጪ የሌለውን መንገድ ይይዛል፤ እሱም ስሜቱ ነው።

ነቃሽ
ስሌቱ ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ነው። መራጩ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለአገሩ ሰው ካሰበ ጥቅሙ በሕዝቡ ብዛት ይባዛል። ለ300 ሚሊዮን ሕዝብ በነፍስ ወከፍ 100 ዶላር የሚያስገኝ ፖሊሲ 30 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ለ60 ሚሊዮን ሲካፈል 500 ዶላር ይደርሳል። ለዚህ አንድ ቅዳሜ ማንበብ ያዋጣል።

ከባዱ ጥያቄ ያነበበውም ሰው ማዳላቱ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዳን ካሃንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ሙከራ ለሥልጠናው ይሆናል፤ ሠንጠረዡ አራት ቁጥር ብቻ ነው ያለው። የቆዳ ቅባት ከተቀቡት 223ቱ ተሻላቸው፣ 75ቱ ባሰባቸው። ካልተቀቡት 107ቱ ተሻላቸው፣ 21ዱ ባሰባቸው። ቅባቱ ሠራ? 223 ዓይን ስለሚሞላ ብዙ ሰው «አዎ» ይላል። ሲሰላ ግን ከተቀቡት የተሻላቸው 75 በመቶ ገደማ፣ ካልተቀቡት 84 በመቶ ገደማ ናቸው፤ አለመቀባት ይሻላል። ከዚያ ቁጥሮቹን ሳይነኩ ቅባቱን ሽጉጥ ደብቆ መያዝን በሚከለክል ሕግ ቀየሩት፤ «ተሻላቸው»ና «ባሰባቸው»ም በከተሞች ወንጀል «ቀነሰ»ና «ጨመረ» ሆኑ። ያን ጊዜ የሰው መልስ በፖለቲካ ወገኑ ተከፈለ፤ ይበልጥ የተራራቁትም ሒሳብ ጎበዞቹ ነበሩ። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ በኋላ የተደገሙት ሙከራዎች ሁሉ አላገኙትም፤ የወገንተኝነቱ ተጽዕኖ ግን ደጋግሞ ታይቷል። አሠራሩም ግልጽ ነው፦ የመጀመሪያ ዕይታው ወገኑን ከደገፈለት እዚያው ያቆማል፤ ከተቃረነው ብቻ እስክሪብቶ ያነሣል።

ሚዛን
ስሜትን ሁሉ አንድ ከረጢት ውስጥ አትክተቱት። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪው ቴድ ብሬደር የምርጫ ማስታወቂያን ንግግር እንዳለ ትቶ ሙዚቃውንና ምስሉን ብቻ ቀያይሮ ሞክሮታል። ተስፋ የሚያጭረው ሰውን ቀድሞ በያዘው አቋም ያጸናዋል። ስጋት የሚያጭረው ግን ሰውን ተጨማሪ መረጃ እንዲፈልግ ያደርገዋል፤ ልቡንም ለመለወጥ ይከፍታል። ቁጣ ደግሞ ሌላ ነው፤ ፍለጋውን ይዘጋል። ስለዚህ «ስሜታችሁን አስወግዱ» የሚል ሥልጠና ከስሞ የሚቀር ነው።

መልክም አለ። ተመራማሪዎቹ ጆን አንቶናኪስና ኦላፍ ዳልጋስ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 13 ለሆኑ የስዊዘርላንድ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2002ቱ የፈረንሳይ ፓርላማ ምርጫ የተፎካከሩ ዕጩዎችን ፎቶ ጥንድ ጥንድ አድርገው አሳዩ፤ «ለመርከብህ ካፒቴን ማንን ትመርጣለህ?» ነው ጥያቄው። ሕፃናቱ የመረጡት ፊት አሸናፊ ሆኖ የተገኘው በ71 በመቶ ነው። መልክ የሚያይለው ግን ስለ ዕጩው ብዙም በማያውቅና ቴሌቪዥን አብዝቶ በሚያይ መራጭ ዘንድ ነው። እዚህ ላይ መረጃ በደንብ ይሠራል፤ ወገን ለያዘው ነው የማይሠራው።

ዝክር
እንግዲያው ተግባሩ እንዴት ይሁን?

ዓምድ
ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ሰው ዕጩውን ይመርጥና መስፈርቱን ከኋላ ይፈልግለታል። ስለዚህ የፓርቲ ስም ሳይነሣ፣ በመጀመሪያው 20 ደቂቃ እያንዳንዱ ሠልጣኝ የሚያሳስቡትን ሦስት ጉዳዮች ጽፎ 10 ነጥብ ያከፋፍልላቸው፤ 5፣ 3፣ 2 ሊሆን ይችላል። ስሙ ሳይሆን ቁጥር ይጻፍበትና ወረቀቱ ይሰብሰብ። እጁ ላይ ከቀረ የሚወደው ፓርቲ ሲመጣ ነጥቡን ያስተካክልለታል፤ ሥልጠናው የሚከሽፈው እዚህ ነው።

ቀጥሎ የፓርቲዎቹ ሐሳብ ስሙ፣ አርማውና መፈክሩ ተነቅሎ ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብሎ ይቅረብ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄፍሪ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳየው፣ ሰው አንድን የድጎማ ፖሊሲ የሚደግፈው ወይም የሚጥለው ይዘቱን አይቶ ሳይሆን «ያንተ ፓርቲ ደግፎታል» ሲባል ነው። የሚያነጻጽሩት ሐሳብ ፓርቲዎቹን የሚለያይ ይሁን። «ትምህርት ይሻሻል» ቢሉት ሁሉም እጁን ያወጣል። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚሠራው፣ የመራጩን መልስ ከፓርቲዎቹ መልስ ጋር የሚያነጻጽረው የኢንተርኔት መጠይቅ ቫል-ኦ-ማት የሚያቀርባቸው 38 ሐሳቦች የሚመረጡት ፓርቲዎቹ የተለያየ መልስ ከሰጡባቸው ነው።

ለእያንዳንዱ ቃል ኪዳን ስንት ያወጣል፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ እስከ መቼ ይፈጸማል ተብሎ ይጠየቅ። ያልተመለሰ ጥያቄ ዜሮ ነው፤ በግምት መሙላት የለም።

የገዥው ፓርቲ ሥራ ሲመዘን የሥልጣን ዘመኑ በሙሉ ይያዝ። ኢኮኖሚው በአራት ዓመት 1፣ 1፣ 1 እና 5 በመቶ ያደገበት መንግሥት አማካዩ 2 ነው፤ 4፣ 4፣ 3 እና 1 ያስመዘገበው 3 ነው። መራጭ ግን የመጀመሪያውን ይሸልማል፤ ትዝ የሚለው የምርጫው ዓመት ነውና።

ስሞቹ የሚገለጡት ነጥቡ ተደምሮ ካለቀ በኋላ ነው። ማን ለማን እንደሚሰጥ አይጠየቅ፤ ወረቀቱ ለባለቤቱ ይመለስ፣ ቅጂም አይቀር።