«ፓራማትማን ማለት ሰው ራሱ አምላክ ነው» አሉን!

ቀበና፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ አንዱ ተንታኝ ሂንዱዎች «ልዑል ነፍስ» የሚሉትን ነገር አንስቶ «ፓራማትማን ማለት ሰው ራሱ አምላክ ነው ማለት ነው፤ ሂንዱዎች ሁሉ እንዲህ ያምናሉ» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። አዘጋጁም «ግሩም!» ብሎ ዘፈን ጋበዘን። አበስኩ ገበርኩ! ሊቃውንቱ ስንት መቶ ዓመት የተናነቁበትን ጉዳይ?

የአራዳ ልጅ፦ ምኑ ጋ ተሳሳተ? ከሂንዱ ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱን፣ ቻንዶግያ ኡፓኒሻድን እይ። ኡዳላካ የሚባል ጠቢብ ልጁን ጨው ውሃ ውስጥ ጨምረህ አሳድር ይለዋል። ጠዋት ጨው የለም። ከላይ ያስቀምሰዋል፣ ጨው ጨው ይላል። ከሥርም ያው። ከዚያ «ያ አንተ ነህ» አለው። ታላቁ ፈላስፋ ሻንካራም የሰው ነፍስና ብራህማን፣ ማለት የሁሉ መሠረት የሆነው፣ አንድ ናቸው ብሏል። አለቀ።

ቀበና፦ እኔ የያዝኩት «ሁሉ» የምትለዋን ነው። ሻንካራ ብቻውን ሁሉ ሆነ እንዴ? ሌላው ሊቅ ራማኑጃ ነፍስ ለፈጣሪ እንደ አካል ናት፣ ያለ እሱ አትቆምም፣ ግን እሱ ራሱ አይደለችም አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ማድቫ የሚባለው ሊቅ ደግሞ ነፍስንና ፈጣሪን ጭራሽ ለያያቸው። ያችኑ ያንተን ጥቅስ «ያ አንተ አይደለህም» ብሎ ነው ያነበባት።

የአራዳ ልጅ፦ ሃሃ! እንዲህማ ከተነበበ «አትስረቅ»ም «ስረቅ» ይሆናል።

ቀበና፦ ሳንስክሪት ቃል ከቃል አጣብቆ ይጽፋል፤ የት ላይ ትቆርጠዋለህ ነው ነገሩ። ንባቡን የማይቀበሉት ብዙ ናቸው። የማድቫ ተከታዮች ግን ዛሬም ደቡብ ህንድ ኡዱፒ ከተማ አሉ። እነሱ «ሁሉ» ውስጥ አይገቡም?

ሰላማዊት፦ ጊታን፣ ያን የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ፣ ምነው ዘለላችሁት? 15ኛው ምዕራፍ ጠፊውንና የማይጠፋውን ይጠቅስና ከሁለቱ «ሌላ» የሆነ ልዑል አካል አለ፣ ፓራማትማን የሚባለው እሱ ነው ይላል። ሌላ! ሙንዳካ በሚባለው ኡፓኒሻድም ላይ አንድ ዛፍ፣ ሁለት ወፎች ናቸው፤ ነፍስና ፈጣሪ መሆናቸው ነው። አንዱ ፍሬ ይበላል፣ አንዱ ሳይበላ ያያል።

የአራዳ ልጅ፦ እህቴ፣ ሻንካራ ጊታንም አብራርቷል። መለያየቱ ከአለማወቅ የመጣ ነው ባይ ነው።

ሰላማዊት፦ ሁለት ወፍ ተባለ እኮ! መቁጠር ያቅተናል?

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ በጃንሆይ ዘመን የሂሳብ መምህራችን ህንዳዊ ነበሩ። ጠይቀናቸው «አምላክ አንድ ነው» አሉን። ምን ያጨቃጭቃል?

ቀበና፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከደቡብ ህንዷ ኬራላ ከመጡት አስተማሪዎች ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ። ስለ ራሳቸው እምነት ነግረዋችሁ ይሆናል።

ጡረተኛው፦ ክርስቲያን ቢሆኑስ የጎረቤታቸውን እምነት አያውቁም? ደግሞ የህንድ ኦርቶዶክሶች እህቶቻችን ናቸው፤ በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ ላይም ነበሩ።

የአራዳ ልጅ፦ ደግሞ ጉባኤ ውስጥ ገባን! ቀበና፣ ተንታኙ ትልቁን ትምህርት ነው የጠቀሰው፤ ዓለም የሚያውቀው እሱን ነው።

ቀበና፦ «ዓለም የሚያውቀው» አልክ? እሺ፣ ቪሽኑን ወይ ክሪሽናን ለምኖ ከቤተ መቅደስ የሚወጣውን ሰው አስቁምና «ራስህን ነው የለመንከው?» በለው።

የአራዳ ልጅ፦ ሻንካራም እኮ ለተራው አማኝ አምልኮን አልከለከለም! ሳታነብ አትፍረድ።

ሰላማዊት፦ ወፎቹን ግን አልመለስክልኝም።