የጠመቅኩትን ቢራ እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ፍለጋ፦ ክለብ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ብቻዬን_ጠማቂ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ስለሚረዝም ከወዲሁ ይቅርታ።

ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ ከጀመርኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። እስካሁን 14 ጊዜ ጠምቄያለሁ፣ በየጊዜው 20 ሊትር። መጀመሪያ በተዘጋጀ የብቅል ሽሮፕ ነበር፣ አሁን ከተፈጨ ብቅል ነው የምነሳው። ሁሉንም የተማርኩት ከቪዲዮና ከንባብ ነው። አጠገቤ የሚጠምቅ አንድም ሰው አላውቅም።

ችግሬ ይኸውላችሁ። ከ14ቱ አምስት ስድስቱ ላይ አንድ የማይገባኝ ሽታ አለ። መድኃኒት ቤት የሚያስታውስ ዓይነት። ጓደኞቼን ሳስቀምሳቸው ሁሉም «አሪፍ ነው» ይላሉ። ምን ይበሉ፣ በነፃ እየጠጡ! እህቴ ብቻ ናት አንድ ቀን ፊቷን አጨማዳ «ሆስፒታል ሆስፒታል ይለኛል» ያለችኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም ቁጭ ብዬ ስቀምስ አንዴ አለ፣ አንዴ የለም፣ ጭራሽ ምላሴን ማመን አቃተኝ።

እዚህ አካባቢ በወር አንዴ የሚገናኝ የቤት ጠማቂዎች ክለብ አለ። ሁለቴ ልሄድ ለብሼ ተነሳሁ፣ ሁለቴም ቀረሁ። ሁሉም ዕቃቸው በኮምፒውተር የሚሠራ፣ ስለ ውሃ ማዕድን ሲያወሩ የሚያድሩ ሰዎች መሰሉኝ። እኔ አንድ ድስትና ሁለት ማብላያ ነው ያለኝ። ለመሆኑ የገባችሁበት ምን አገኛችሁ? ብሄድስ ይዤ የምሄደው የተሳካልኝን ነው ወይስ ያንን የሚሸተውን?

ቆርኪ_ሰብሳቢ

ሂድ ወንድሜ። ነገ ዛሬ አትበል። ደግሞ የሚሸተውን ይዘህ ሂድ።

ምክንያቱን ልንገርህ። ጥሩ ቢራ ይዘህ ብትሄድ ሁለት ሰው «ጎበዝ» ይልህና ወደ ቀጣዩ ጠርሙስ ያልፋል። የተበላሸ ይዘህ ስትሄድ ግን አምስት ሰው ይከብሃል፣ ብርጭቆው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ አንዱ «ሙቀቱ አምልጦት ነው» ሲል ሌላው «የለም፣ ዕቃው ነው» ይላል፣ አንተ መሃል ቆመህ ብቻህን በስድስት ወር የማታገኘውን በአንድ ምሽት ትሰማለህ።

እኔ መጀመሪያ ቀን የሄድኩት ቅቤ ቅቤ የሚል ላገር (በቀዝቃዛ ሙቀት የሚብላላውን የቢራ ዓይነት) ይዤ ነው። «እንዴት ለስላሳ ነው» እያልኩ ስኩራራበት የነበረ ቢራ! አንድ ሰውዬ አንዴ ተጎነጨና «ከማቀዝቀዝህ በፊት ሙቀቱን ከፍ አድርገህለታል?» አለኝ። አላደረግኩም። ዳያሴቲል የሚባለው ነው። እርሾው ራሱ ይሠራዋል፣ ጊዜና ሙቀት ካገኘ ደግሞ ራሱ መልሶ ያጸዳዋል። ላገሩ በ10 ዲግሪ አካባቢ ሲብላላ ቆይቶ ሊያልቅ ሲል ወደ 17 ወይም 18 አሳድገህ ሁለት ሦስት ቀን ብትተወው ይጠፋል። ይህን እኮ አንብቤዋለሁ። ያነበብኩት ነገር እጄ ላይ ያለው ብርጭቆ ውስጥ መሆኑን ነው ያላወቅኩት።

ያንተን በተመለከተ ጥርጣሬዬ ውሃው ላይ ነው። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ከብቅልና ከእርሾ ከሚመጡ ፌኖሎች ጋር ሲገናኝ ክሎሮፌኖል ይፈጠራል። ጥቂቱ እንኳ የቁስል ፕላስተር ይሸታል። ክሎሪኑን የሚያጠፋ ካምፕደን የሚባል ክኒን አለ፣ ለ20 ሊትር ውሃ ሩቡ ይበቃል። ግን የዱር እርሾ ገብቶበትም ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሆኜ ብርጭቆህን ላሸትልህ አልችልም።

ዝምተኛው_በርሜል

እኔ ደግሞ ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ልቸልስበት። ክለብ ሁሉ ክለብ አይደለም።

የነበርኩበት ሲጀመር የጠመቃ ነበር፣ ቀስ እያለ የመጠጫ ሆነ። ከሃያው ሰው የሚጠምቀው ስድስቱ ነው፣ ሌላው ገዝቶ ይመጣል ወይም ባዶ እጁን ይመጣል። አንድ ሰውዬም ነበረ፣ ማንም ምንም ይዞ ቢመጣ «እኔ ብሆን ኖሮ» ብሎ የሚጀምር። አንድ ልጅ የመጀመሪያ ቢራውን እየተርበተበተ አመጣ። ሰውዬው 20 ደቂቃ ሙሉ ስለ ካልሲየም አስተማረው። ልጁን ሁለተኛ አላየነውም። እኔም ብዙ አልቆየሁም።

ስለዚህ ስትገባ ጠረጴዛውን እይ። ለመጉመጥመጫ የሚሆን ውሃ አለ? መድፊያ ዕቃ አለ? ወረቀትና እስክሪብቶስ? የሚቀዳው ሁለት ሦስት ጉንጭ ነው ወይስ ሙሉ ብርጭቆ? ውሃና መድፊያ ካየህ ቁጭ በል። ካላየህ ቢያንስ ሁለተኛ ጊዜ ሞክርና ከዚያ ፍረድ፣ አንድ ምሽት ብቻ አይቶ ማማትም ደግ አይደለም። እና መኪና ይዘህ አትሂድ። 12 ዓይነት ቢራ ሁለት ሁለት ጉንጭ እየተባለ ሲደመር ቀላል አይደለም።

ብቻዬን_ጠማቂ

አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን፣ እህታችሁ ነኝ። ከጽሑፌ ስለማያስታውቅ አልፈርድባችሁም። የቀረሁበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። የስብሰባቸውን ፎቶ አይቼዋለሁ፣ ከሃያ ሰው ሴቶቹ ሁለት ናቸው። ጥግ ላይ ብርጭቆ ይዤ ቆሜ «ይቺ ደግሞ የማን ሚስት ናት» ስባል ታየኝ።

ቆርኪ_ሰብሳቢ

ውይ! ይቅርታ እህቴ። «ወንድሜ» ያልኩትን ሰርዤ ቀሪው እንዳለ ይጸናል። ሂጂ።

እርሾና_ትዕግሥት

እኔም ሴት ነኝ፣ ስምንት ዓመት ክለብ ውስጥ አለሁ። «የማን ሚስት ናት» አንዴ ሊያጋጥምሽ ይችላል። ጠርሙስሽ ሲከፈት ያቆማል።

ምላሴን ማመን አቃተኝ ያልሽው ግን ልቤ ውስጥ ገባ። ያመመው ምላስሽ አይደለም። ሰው የራሱን ቤት ሽታ እንደማያሸተው ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ፣ አንድ ዓይነት ውሃ፣ አንድ ዓይነት እጅ ዓመት ከመንፈቅ ስትቀምሺ ጉድለቱ ራሱ «የኔ ቢራ ጣዕም» ይሆንብሻል። ጓደኞችሽም ቢራውን ሳይሆን አንቺን ነው የሚቀምሱት። የማያውቅሽ ሰው ያስፈልግሻል።

የዳኝነት ፈተና ወስጃለሁ፣ ቢጄሲፒ የሚባለውን። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የቤት ጠማቂዎች ውድድር ዳኞችን የሚፈትንና ደረጃ የሚሰጥ ድርጅት ነው። ነጥቡ ከ50 ነው፤ ጣዕም 20፣ መዓዛ 12፣ አጠቃላይ ስሜት 10፣ አፍ ውስጥ የሚሰጠው ስሜት 5፣ መልክ 3። መልክ ሦስት ብቻ! እኛ ግን ቤታችን ሆነን የምንጨነቀው ስለ መልኩ ነው፣ ጠራ አልጠራ፣ አረፋው ለፎቶ ይሆናል አይሆንም። ክለባችን ዓመት ዓመት አንድ ምሽት ይዞ የታወቁ ጉድለቶችን ሆን ብሎ አንድ ንጹሕ ቢራ ውስጥ ይጨምራል። ያልበሰለ ፖም የሚለው አሴታልዴሃይድ ነው፣ የተቀቀለ በቆሎ የሚለው ዲኤምኤስ፣ እርጥብ ካርቶን የሚለው አየር የገባበት። አንዴ ስሙን ከሽታው ጋር ካገናኘሽው አይጠፋሽም።

ብቻሽን የማትሠሪውም ነገር አለ። ትልቅ የእንጨት በርሜል 200 ሊትር ያህል ይይዛል። 20 ሊትር እየጠመቅሽ መቼ ትሞይዋለሽ? እኛ አሥር ሆነን አንድ ዓይነት ቢራ ጠምቀን ሞላነውና ዓመት አስተኛነው። ከአሥሩ የአንዱ ቢራ ቢበላሽ ሁሉም ስለሚበላሽ ከመገልበጡ በፊት የእያንዳንዱን ቀምሰን ነበር። አንዱን መለስነው። የማንን እንደሆነ አልናገርም። (የኔን ነበር።)

አንድ የማይገናኝ ነገር ልጨምር። ማልቶስ ፋልከንስ የሚባለው የካሊፎርኒያ ክለብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። አሜሪካ ውስጥ ቢራ ቤት መጥመቅን የፈቀደው የፌዴራል ሕግ ግን የተፈረመው በ1978 ነው፣ ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በ1979። ክለቡ ሕጉን ቀደመው ማለት ነው። አንቺ አንድ በር ማለፍ አቅቶሻል።

ገና_ጀማሪ

ጣልቃ ልግባና፣ ጭራሽ ክለብ የሌለበት ቦታ ያለነውስ ምን ይዋጠን?

ዝምተኛው_በርሜል

ከዚያኛው ክለብ ከወጣሁ በኋላ ያደረግኩትን ልንገርህ። ብቅልና ሆፕስ (ቢራውን የሚያመርረውን አበባ) የሚሸጥልኝን ሰው «ሌላ ማን ይገዛሃል?» አልኩት። ስልክ አልሰጠኝም፣ ትክክል ነው፣ ግን የኔን ተቀብሎ ለሦስት ሰዎች አደረሰልኝ። አራት ሆንን። አራት ይበቃል። አሁን ሰባት ነን፣ ስምም የለንም፣ በየተራ በየቤታችን እንገናኛለን። ስትጀምሩ ያላችሁበት አገር ሕግ ምን እንደሚል ብቻ እዩ። በብዙ ቦታ ለራስ መጥመቅ ይፈቀዳል፣ መሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከሠራናቸው ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። አንድ ትልቅ ድስት ላይ ብቅሉን አብረን አፈላን፣ ጭማቂውን ለአራት ተካፈልን፣ እያንዳንዱ ቤቱ ወስዶ የተለያየ እርሾ ጨመረበት። ከወር በኋላ አራቱን ጎን ለጎን ስንቀምስ ከአንድ ድስት ወጡ ብሎ የሚያምን አልነበረም። ስለ እርሾ ሦስት መጽሐፍ ያነበብኩት ሰው አፌን ይዤ ቀረሁ።

አሁን ደግሞ ክርክር ሲነሳ በሦስት ብርጭቆ ነው የምንፈታው። ሁለቱ ውስጥ አንድ ዓይነት፣ በሦስተኛው ሌላ ትቀዳለህ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለቀማሹ አትነግረውም፣ «የተለየው የቱ ነው?» ትላለህ። በግምት የማግኘት ዕድሉ ከሦስት አንድ ስለሆነ አንድ ሰው ቢያገኘው አትደነቅ፣ ሰባቱም ካገኙት ግን ልዩነት አለ። «ደረቅ እርሾ ከፈሳሹ ይለያል» ብሎ የሚምል ጓደኛችን ሦስቴ ተፈትኖ ሦስቴም ስቷል። ዛሬም ይምላል።

ብቻዬን_ጠማቂ

ሦስት ሳምንት ጠፍቼ መጣሁ። ሄድኩ!

በሩ ላይ ደርሼ ልመለስ ነበር። አንዱ የያዝኩትን ጠርሙስ አየና «ግቢ፣ ግቢ፣ ይሞቃል» አለኝ። ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ቢራው መጨነቁ ደስ አለኝ። «ከማን ጋር መጣሽ?» ያለኝ ግን አልጠፋም። ከጠርሙሴ ጋር አልኩት።

ሁለት ጠርሙስ ነበር የያዝኩት፣ አንዱ ደህናው፣ አንዱ የሚሸተው። ዙሪያዬን የከበቡኝ ሰዎች ልክ ቆርኪ_ሰብሳቢ እንዳለው መከራከር ጀመሩ። ውሃ ነው፣ የዱር እርሾ ነው፣ ሙቀት ነው። አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ መጥተው ብርጭቆውን አነሱ። አልቀመሱም። አሸተቱና «ልጄ፣ ዕቃሽን በምንድን ነው የምታጥቢው?» አሉኝ።

«በበረኪና።»

«ሁሉንም?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ሁሉንም አይደለማ! የመስታወቱን ማብላያ የማጸዳው መለቅለቅ በማይፈልገው ሳኒታይዘር ነው። የፕላስቲኩን ባልዲ ግን ትልቅ ስለሆነ፣ ሳኒታይዘሩን ልቆጥብ ብዬ፣ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፌ ለቅለቅ አድርጌ ነው የምተወው። ቤት ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩ። የሚሸቱት ስድስቱም ከባልዲው የወጡ ናቸው። ከመስታወቱ የወጣ አንድም የለም። 14 ጊዜ በእጄ ጽፌዋለሁ፣ አንድም ቀን ጎን ለጎን አላየሁትም። ባልዲው ውስጡ ተፋፍቆ ስለነበር ጠረኑን ይዞ የሚቀር ይመስለኛል፣ ጣልኩት።

ኮምፒውተር ያላቸው ሰዎችም ነበሩ፣ አልተሳሳትኩም። ግን አንደኛው ያ ሁሉ ዕቃ ኖሮት ቢራው እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይል ነበር፣ ሴትዮዋ ለእሱም አላዘኑለትም።

አዲሱ ባልዲ ውስጥ አንድ እየተብላላ ነው። ስኳሩ እያለቀ ሲሄድ የሚወርደው የፈሳሹ እፍግታ ከ1.052 ተነስቶ በአራተኛው ቀን 1.018 ደርሷል። እስካሁን ምንም አይሸተኝም፣ ግን የኔን አፍንጫ ማን ያምናል። ለቀጣዩ ስብሰባ ሁለት ጠርሙስ እይዛለሁ። ስወጣ አራት ጠርሙስ አሸክመውኛል፣ «ቀምሰሽ እውነቱን ንገሪን» ብለው። እኔ? እውነቱን?

እርሾና_ትዕግሥት

አዎ፣ አንቺ። የነሱን ቤት ጠረን ያልለመድሽው አንቺ ነሽ። ያሸተተሽን ጻፊ፣ ስሙን እነሱ ይፈልጉለት።

ቆርኪ_ሰብሳቢ

ውሃው ነው ብዬ ነበር፣ በረኪናም ቢሆን ያው ክሎሪን ስለሆነ ግማሽ ነጥብ ይገባኛል።

ደግሞ አራቱን ጠርሙስ ባዶውን እንዳትጥይው፣ በየትም ክለብ ጠርሙስ ሳይመልስ የሚመጣ ሰው አይወደድም። አጥበሽ መልሺ። በበረኪና እንዳይሆን እንጂ።