ሐኪም «ምንም የለብሽም» አለኝ፤ ታዲያ ልቤ ለምን ድው ድው ይላል?

ባለሱቋ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለኝ። ገበያው ቀዝቅዟል፣ ኪራዩ ጨምሯል፣ እናቴም ታማ እኔው ቤት ተኝታለች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ልቤ ድው ድው እያለ እነቃለሁ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። አንገትና ትከሻዬ ተገትሮ ይነጋል። ሆዴ ይነፋል፣ እህል አልበላ ይለኛል። በትንሽ በትልቁ ልጆቼ ላይ እጮኻለሁ። ሐኪም ቤት ልቤን ተመርምሬ፣ ደምም ሰጥቼ «ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው» ተባልኩ። ምንም ከሌለብኝ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ? እናንተስ ምን አድርጋችሁ ቀለላችሁ?

ነርስ ከማራኪ፦
እህቴ፣ ልብሽ ጤነኛ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ግን የሚሰማሽ ስሜት እውነተኛ ነው፤ አንቺ የፈጠርሽው አይደለም።

አንጎል አደጋ መጣ ሲል ከኩላሊት በላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ጉበት ስኳር ወደ ደም ይሰዳል። ለመሮጥ ወይም ለመታገል መዘጋጀት ነው። ምግብ መፍጨት በዚያ ሰዓት ስለማያጣድፍ ሆድ ሥራውን ይቀንሳል። ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ደግሞ ሰውነቱን በዚያው ዝግጅት ያቆየዋል። ጅብ ቢያሳድድሽ ሮጠሽ ታመልጪና ሁሉም ይረጋጋል። ኪራይና የእናት ሕመም ግን ተሮጦ አይመለጥም፤ ሰውነትሽም እንደተወጠረ ይከርማል። ወደ ንጋት ኮርቲሶል በተፈጥሮው ከፍ ማለት ይጀምራል፣ እንቅልፍም ይሳሳል። የተጨነቀ ሰው በዚያ ሰዓት መንቃቱ የተለመደ ነው።

ስትነቂ ስልክ አትንኪ። እስከ 4 እየቆጠርሽ በአፍንጫሽ አየር ሳቢ፣ እስከ 6 ወይም 8 እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አውጪ። 5 ደቂቃ ያህል። ዋናው ማውጣቱ ነው፤ ትንፋሽ ረዘም ብሎ ሲወጣ ቬገስ የሚባለው ነርቭ የልብን ምት ያዘገየዋል።

ሹፌር ከአዘዞ፦
እታለም፣ ቡና ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትጠጪ?

ባለሱቋ፦
ማታ 11 ሰዓት አካባቢ ከጎረቤቶቼ ጋር፣ እስከ በረካ። ከቀረብኝ ራሴን ያመኛል።

ሹፌር ከአዘዞ፦
በይ እሱን አንሺው። የካፌይኑ ግማሽ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሌሊት ስትነቂ ገና አልለቀቀሽም። በአንዴ አታቁሚ፣ ራስሽን ያዞረዋል። መጀመሪያ በረካውን ተይ፣ ሲለመድ ቶናውን። ከዚያ አቦሉን ወደ ጠዋት አምጪው። ጎረቤቶችሽን ግን እንዳትተያቸው፤ ሻይ በጦስኝ ይዘሽ አብረሻቸው ተቀመጪ። እኔን ያቀለለኝ ጨዋታው ነው።

እማማ ከአራዳ፦
ልጄ፣ እናትሽን ብቻሽን ነው የምታስታምሚ? ወንድም እህት ካለሽ ተራ ይግቡ እንጂ። አንድ ሰው ሁሉን ተሸክሞ አይዘልቅም። እኔ ባለቤቴን ሳስታምም ጠዋት ጠዋት በእግሬ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እሄድ ነበር። ጣሪያው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊት ቀና ብዬ እያየሁ ስቀመጥ ትንፋሼ ይሰበሰባል። ጠበልም ጥሩ ነው። የታዘዘልሽ መድኃኒት ካለ ግን እንዳታቋርጪ።

ነርስ ከማራኪ፦
እማማ ልክ ነዎት። የእግር መንገዱ ራሱ ሕክምና ነው፤ የተወጠረው ጡንቻ ይሠራል፣ ደም ውስጥ የተለቀቀው ስኳርም ጥቅም ላይ ይውላል።

ባለሱቋ፣ የታይሮይድ ዕጢና የደም ማነስ መመርመሩን ጠይቂ፤ ሁለቱም ልብ ያስመታሉ። የሆዱ ነገር ካልተወሽ የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራም አለ። ደረትሽን ጨምቆ ይዞ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከመጣ፣ ወይም ራስሽን ከሳትሽ፣ ሳትውይ ሳታድሪ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። እንቅልፉ ለሳምንታት እምቢ ካለ ወይም «ሞቼ በተገላገልኩ» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እዚያ መሄድ አያሳፍርም። እኔም ቤተሰቤን ይዤ ሄጃለሁ።

ባለሱቋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የታይሮይዱ አልታዘዘልኝም ነበር፣ ሰኞ እጠይቃለሁ። ደብረ ታቦር ያለችው እህቴ ጋ አሁን ደወልኩ። ቅዳሜ መጥታ ከእናታችን ጋር ትሰነብታለች።