ስልክ መመለስ እንደ ነርስነት ያደክማል?

ጥያቄ፦
የምሠራው በአንድ ድርጅት የጥሪ ማዕከል ነው፤ ታላቅ እህቴ ደግሞ ነርስ ናት። እርሷ ደክማ ስትገባ ቤተሰቡ ሁሉ ይረዳታል፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምውል «ምን ሠርተሽ ደከመሽ?» እባላለሁ። ደንበኛ ሲሰድበኝ በለሰለሰ ድምፅ የመመለስ ግዴታ ስላለብኝ፣ ማታ ከሰው ጋር መነጋገር እንኳ ያስጠላኛል። የሁለታችን ድካም ሊነጻጸር ይችላል?

መልስ 1፦
ይነጻጸራል። አሜሪካዊቷ የሶሺዮሎጂ ምሁር አርሊ ሆክሺልድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት የበረራ አስተናጋጆችንና ዕዳ ሰብሳቢዎችን ጎን ለጎን መርምረዋል፤ አስተናጋጇ ብትከፋም ፈገግ እንድትል፣ ዕዳ ሰብሳቢው ደግሞ ቢያዝንም ኮስተር እንዲል ስለሚጠበቅ፣ ሁለቱም ለሚከፈላቸው ደመወዝ ሲሉ ስሜታቸውን ይቆጣጠራሉ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በውስጥ የሌለን ስሜት በፊት ወይም በድምፅ ብቻ ማሳየት ስሜቱን ከልብ ለማምጣት ከመጣር ይልቅ ከድካም ጋር የጠበቀ ግንኙነት አለው። እህትዎ ለታካሚ የሚያሳዩት ሐዘኔታ ብዙውን ጊዜ እውነተኛ ነው፤ እርስዎ ግን የሚሰማዎትን ተቃራኒ ያሳያሉ።

መልስ 2፦
በነርስነት የምሠራ እንደመሆኔ፣ እኛም የምንደብቀው ብዙ ነው ማለት እወዳለሁ፤ ሰው ከሞተበት ክፍል ወጥቶ ለቀጣዩ ታካሚ ፊትን አስተካክሎ መቅረብ ቀላል አይደለም። ሆኖም እኛ በመካከል ከባልደረባ ጋር ሁለት ቃል እንለዋወጣለን፤ እርስዎ ግን አንዱ ጥሪ ሲዘጋ ሌላው ይገባል። የሥነ ልቦና ምሁሯ ክርስቲና ማስላች የሥራ መዛልን በሦስት ይከፍሉታል፤ የስሜት መሟጠጥ፣ ከሰው መራቅና ሥራዬ ፋይዳ የለውም የሚል ስሜት ናቸው። እኔ የምፈራው ሁለተኛውን ነው፤ ታካሚው በስሙ መጠራቱ ቀርቶ «ሰባት ቁጥር አልጋ» ሲሆን ነገሩ ሥር ሰዷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው መዛልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አላለውም፤ ስለዚህ «ዕረፍት ውሰጂ» የሚለው ምክር፣ የሥራው አደረጃጀት ካልተለወጠ፣ ብዙ አይጠቅምም (ምክሩን የሚሰጡትም አብዛኛውን ጊዜ አደረጃጀቱን መለወጥ የሚችሉት ናቸው)።

መልስ 3፦
ከላይ በተባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አለቃዎን ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ አንድ ጊዜ አስጠንቅቆ የተሳዳቢን ጥሪ የመዝጋት ፈቃድ፣ ከእንዲህ ዓይነቱ ጥሪ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ከመስመር የመውጣት መብት። ጥያቄው በጽሑፍ ቢሆን፣ ከተቻለም ከባልደረቦችዎ ጋር በጋራ ቢቀርብ ይሻላል።