ለዩኮላ ፊንላንድ ልንሄድ ነው፦ ቪዛ፣ ኮምፓስና የሌሊቱ ደን

ጥያቄ፦ የማርቆሱ ሯጭ

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ያለን ሰባት ልጆች ነን፤ ሁላችንም ከጎዳና ሩጫ መጥተን ኦሪየንቲሪንግ (በካርታና በኮምፓስ እየተመሩ የተቀመጡ ነጥቦችን ፈልጎ መሮጥ) የጀመርን። በሚቀጥለው ሰኔ ፊንላንድ ውስጥ በሚደረገው የዩኮላ ዱላ ቅብብል (ሰባት ሯጭ እየተቀባበለ ሌሊቱን የሚሮጥበት የኦሪየንቲሪንግ ውድድር) እንድንሮጥ አንድ ክለብ ጋብዞናል። ቪዛውን መቼ እንጀምር? ምን ዕቃ እንያዝ? እዚህ ጎጃም እንደ እነሱ ያለ ደን የለንም፤ በምን እንለማመድ? ወሩ የሐዋርያት ጾም ስለሆነ የምግቡም ነገር አሳስቦናል።

መልስ፦ የደጀን በር

ቪዛው ሸንገን፣ ማለትም የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ነው። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ይቀበላሉ፤ መጨረሻው 15 ቀን ሲቀር ነው። ውሳኔው ለሌላው በደንቡ 15 ቀን ቢሆንም፣ ለኢትዮጵያውያን ግን ከ2024 (በፈረንጁ) ወዲህ መደበኛው 45 ቀን ነው። ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሰኔ 6 እስከ 12 ባለው ቅዳሜ ስለሚውል መጋቢት ላይ ብታስገቡ ትንፋሽ ይኖራችኋል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከልም አይመለስም።

ፓስፖርቱ ከምትመለሱበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የጉዞ መድኅኑ ሽፋን ከ30,000 ዩሮ እንዳያንስ። አሻራ ለመስጠት ሁላችሁም በአካል መቅረብ አለባችሁ፤ ስለዚህ የሰባታችሁን ቀጠሮ አንድ ቀን ላይ አድርጉት፤ አለዚያ የዓባይን በረሃ ሁለት ሦስቴ መውረድና መውጣት ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በቀን አቆጣጠር ነው። የቀበሌ መታወቂያና የልደት ካርድ በእኛ ዘመን ይጻፋል፤ ሲተረጎም አንዱ ቢሮ ሰባት ዓመት ይጨምራል፣ ሌላው ስምንት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ትርጉሙ ከፓስፖርቱ ጋር በቀን ካልገጠመ ሳታስገቡት አስተካክሉት። የግብዣው ደብዳቤም የስማችሁን ፊደል ልክ እንደ ፓስፖርቱ ይጻፍ።

በስቶክሆልም በኩል በመርከብ መሻገርም ይቻላል፤ ስዊድንም ሸንገን ናት። ዋናው መድረሻችሁ ፊንላንድ ስለሆነ ማመልከቻው ለፊንላንድ ይሁን።

መልስ፦ ሰሜን ጠቋሚ

ስለ ኮምፓስ ብቻ ልጻፍ፤ ማንም አያነሳውም። እኛ ያለንበት አካባቢ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ መርፌው አግድም ይተኛል። ፊንላንድ ላይ ግን የምድር መግነጢስ ከ70 ዲግሪ በላይ ወደ መሬት ይስባል። ለወገቡ ቀጠና ተመዝኖ የተሠራ ኮምፓስ ይዛችሁ ብትሄዱ ሰሜን ጫፉ ወደ ታች ይደፋና የሳጥኑን ወለል እየቧጨረ ይቆማል። እናንተም ሲዞር ሳይሆን ሲጣበቅ ያገኛችሁትን አቅጣጫ ሰሜን ብላችሁ ትሮጣላችሁ። ጀርባውን እዩ፦ ሲልቫ ላይ ለሰሜን የሚሆነው «ኤምኤን»፣ ለወገብ የሚሆነው «ኤምኢ» ይላል። በሁሉም ቀጠና የሚሠራ መርፌ ያለውም ይሸጣል፤ ልምምዱም ውድድሩም በአንዱ እንዲሆን እሱን ምረጡ። ካርታው ላይ ያሉት መስመሮች ወደ መግነጢሳዊው ሰሜን ስለተሳሉ ማስተካከያ ሒሳብ አያስፈልግም።

መልስ፦ የጮቄ ዳገት

ጉልበት አያሳስባችሁ፤ ከማርቆስ ከፍታ ወርዳችሁ ነው የምትሮጡት። የሚጥላችሁ ካርታው ነው። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ በኦሪየንቲሪንግ ካርታ ነጭ ማለት ገላጣ መሬት አይደለም፤ ለሩጫ የሚመች ደን ነው። ገላጣው ቢጫ ነው፤ አረንጓዴው እየጠቆረ በሄደ ቁጥር ጥሻው ይጠናል። ሁለተኛ፣ በጮቄ ሥር ያደገ ዓይን አምስት ሜትር ጉብታን ከቁም ነገር አይቆጥራትም። እዚያ ግን የምትፈልጉትን ነጥብ የሚያመለክተው ባንዲራ የሚሰቀለው በእሷ ጥግ ነው። ስለዚህ በካርታው ላይ አንዲት ክብ ቡናማ መስመር ብቻ ያላትን ጉብታ መፈለግ ተለማመዱ።

ለልምምድ ባሕር ዛፍ ይበቃል። ኦፕን ኦሪየንቲሪንግ ማፐር የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ስልክ ላይ ይጫናል፤ በእሱ 1፡10,000 ካርታ ሥሩ፤ 1 ሚሊሜትር 10 ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ርቀትን በእርምጃ ለማወቅ 100 ሜትር ለክታችሁ፣ ቀኝ እግራችሁ መሬት በረገጠ ቁጥር እየቆጠራችሁ ሩጡ፦ አንዴ በመንገድ፣ አንዴ በዛፉ መሃል፣ አንዴ በታረሰ ማሳ። ሦስቱ ቁጥሮች ይለያያሉ፤ የፊንላንዱ ረግረግና ድንጋይ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ እዚያ ስትደርሱ እንደገና ለኩ። የገዳምና የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ግን አትግቡ፤ ያሳፍራል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልን። ሌሊቱስ? ባትሪው በአውሮፕላን ይገባል?

መልስ፦ ሰሜን ጠቋሚ

ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ፤ ከ100 ዋት ሰዓት በታች ከሆነ ፈቃድ አይጠይቅም። ጭነት ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ያወጡታል። የወንዶቹ ውድድር የሚጀምረው በፈረንጁ 23:00 ነው፤ ፊንላንድ በበጋ ሰዓቷ ከእኛ ጋር እኩል ስለሆነች በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት መሆኑ ነው። ሰማዩ በሰኔ ሙሉ በሙሉ አይጨልምም፤ ደኑ ውስጥ ግን ይጨልማል። አንደኛውና ሁለተኛው ሯጭ የግንባር መብራት ግድ ነው። ሙሉ ሱሪ ልበሱ፤ መዥገር አለ፤ ከሩጫ በኋላ ጉልበት ሥርና ብብት ፈትሹ። ጫማው ከታች የብረት ጥርስ ያለው ይሁን፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ የጎዳና ጫማ ሳሙና ነው።

መልስ፦ የደጀን በር

ለጾሙ በሶ፣ ቆሎና ሽሮ ያዙ። ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ ወደ አውሮፓ ኅብረት በሻንጣ አይገባም፤ ይወረሳል። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፤ ለጋባዡ ክለብ የጎጃም ማር ብትወስዱ ደንብም አትጥሱም።

ጠያቂ፦ የመጨረሻ፦ ፈጣኑን ልጅ አንደኛ እናሰልፈው?

መልስ፦ የጮቄ ዳገት

አይ። አንደኛው ዙር ላይ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አብሮ ስለሚነሣ ፈጣኑ ልጅ የሰው ጅራት ይዞ ይጠፋል። የሚፈለጉት ነጥቦች ከቡድን ቡድን ስለሚለያዩ የምትከተሉት ሰው ወደ ሌላ ነጥብ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ባንዲራውን ስታገኙ ቁጥሩን ከመግለጫችሁ (የነጥቦቻችሁ ቁጥር ከተጻፈበት ዝርዝር) ጋር አስተያዩ፤ 47 ከተባለ 47 ይሁን፤ በስሕተት 74 ላይ ብታስመዘግቡ የሰባታችሁም ድካም ይሰረዛል። አንደኛ የረጋ ልጅ፣ ሰባተኛ ደግሞ ብቻውን ካርታ ማንበብ የሚችለውን፤ ዙሩም አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም የረዘመው እሱ ነው። ፈጣኑን ልጅ ጎሕ ሲቀድ ለሚሮጠው ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው አቆዩት።