አዲስ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ገጥሜም ዘይት ያልባል፤ የትኛውን ዓይነት ልግዛ?

ባለ 125፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል አለችኝ። በቴስታታው (ሲሊንደሩን ከላይ በሚዘጋው ክዳን) እና በሲሊንደሩ መካከል ዘይት ማላብ ስትጀምር ጓርኒሲዮኑን፣ ማለትም በሁለቱ መሐል የሚገባውን ማሸጊያ፣ ቀየርኩ። ሳምንት አልቆየም፤ ያው ጥቁር እርጥበት በቀኝ በኩል፣ በማቀዝቀዣ ክንፎቹ መሐል ብቅ አለ። ደግሜ ቀየርኩ፣ ደግማ አላበች። ኃይሏ አልቀነሰም፣ ጭስም የላትም። ሦስተኛውን ልገዛ ስል አንዱ ወዳጄ «የብረቱን ግዛ» ይለኛል፣ ሌላው «የመዳቡን»፣ ሌላው ደግሞ «ሁለቱን ደርበህ ሲሊኮን ቀባው»። የማንን ልስማ?

አሮጌ ቁልፍ፦
የመጨረሻውን አትስማ። የሚደረበው ልብስ ነው እንጂ ጓርኒሲዮን አይደለም። ሲሊንደርህ 54 ሚሊሜትር ስፋት ኖሮት ፒስተኑም 54 ሚሊሜትር የሚመላለስ ከሆነ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ስትጨምር ከፒስተኑ በላይ ከ1.1 ሲሲ የሚበልጥ ቦታ ይፈጠራል። 10 ለ1 የነበረው እመቃ ወደ 9.3 ለ1 ይወርዳል። ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ቴስታታው ላይ ከሆነ ደግሞ ከፍ በማለቱ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ቫልቮቹም ዘግይተው ይከፈታሉ። ሲሊኮኑ ሲጨመቅ ወደ ውስጥም ይወጣል፤ ተቆርሶ የዘይቱን መንገድ ከደፈነ ካምሻፍቱን ትቀብረዋለህ።

ፋብሪካው የገጠመላትን ዓይነትና ውፍረት ግዛ። የተደራረበው የብረት ጓርኒሲዮን ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በጣም የለሰለሰ ገጽ ይፈልጋል። ግራፋይቱ ትንሽ ጭረት ይችላል። የትኛውንም ብትገዛ በመጀመሪያ ባዶው ሲሊንደር ላይ አስተኛውና በጣትህ ዙረው። በተለይ ሲሊንደሩ ሬክቲፊካ ገብቶ (ተፍቆ ሰፍቶ) ከሆነ ጠርዙ ወደ ቀዳዳው እንዳይገባ ተጠንቀቅ። እሳቱ ውስጥ የገባ ጠርዝ ይፍማል፤ ካንዴላው ሳይተኩስም ቤንዚኑን ያቀጣጥለዋል።

ግን ወንድሜ፣ ሁለት አዲስ ጓርኒሲዮን ተራ በተራ ካላበ እኔ ጓርኒሲዮኑን አልከስም። የአሮጌውን ቅሪት በምን ፋቅኸው? በካቻቢቴ ከሆነ አሉሚኒየሙን አርሰኸዋል ማለት ነው፤ ለዚህ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይበቃል። የቴስታታውን ገጽ በቀጥ ያለ ማስመሪያና በክፍተት መለኪያ በአግድምም በሰያፍም ለካኸው? እንደ ሞተሩ ዓይነት መመሪያው የሚፈቅደው ክፍተት ከ0.03 እስከ 0.10 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ጥቂት ካለፈ ባለ 400 የብርጭቆ ወረቀት ወፍራም መስታወት ላይ ዘርግተህ፣ እያረጠብህ፣ ቴስታታውን በ8 ቅርጽ እያዞርህ ታስተካክለዋለህ። ሲታሰርም ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ በሰያፍ፣ በደረጃ ነው፤ መመሪያው 22 ኒውተን ሜትር ካለህ በመጀመሪያ 8፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ 22።

ይህን ሁሉ ከመድከምህ በፊት ግን ሞተሩን ከላይ እስከ ታች በደንብ እጠበው፤ አድርቀውና የሕፃናት ፓውደር ነስንስበት። አስር ደቂቃ አስነስተህ በባትሪ እያየህ ተከታተለው። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ ነፋስም ይበትነዋል፤ የምታየው ቦታ የወጣበት ቦታ ላይሆን ይችላል።

ዘይት ጠል፦
አሮጌ ቁልፍ ባሉት እስማማለሁ፤ መዳቡን ግን ሳያነሱት አለፉ። እኔ ለዓመታት የተጠቀምኩት እሱን ነው። ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን አግሎ ውኃ ውስጥ መንከር፣ እንደገና ይለሰልሳል፣ እንደገና ይገጠማል።

አሮጌ ቁልፍ፦
እመቃን ለመያዝ መዳብ ጌታ ነው፤ ሁለት ምት ቢሆን ክርክር የለኝም። ባለ አራት ምት ሞተር ላይ ግን በጓርኒሲዮኑ በኩል ዘይትም ያልፋል፤ ባዶ መዳብ እዚያ ላይ ይለግማል።

ባለ 125፦
ጋሼ፣ ፓውደሩን ነሰነስኩ። እርጥበቱ የጀመረው ከመጋጠሚያው ሳይሆን ከላይ ነው፤ ቴስታታውን ከሚያስሩት አራት ዳዶዎች በቀኝ በኩል ያለው አንዱ ሥር ፓውደሩ እንደ ጭቃ ሆነ። ከዚያ በክንፎቹ መሐል ወርዶ መጋጠሚያው ላይ ይጠራቀማል። መመሪያውን ገልጬ ሳየው ዘይቱ ወደ ካምሻፍቱ የሚወጣው በዚያ ቡሎን ዙሪያ ነው፤ ከዳዶው ሥር የምትገባው ቀለበት፣ ሮንዴላዋም፣ የመዳብ መሆን ነበረባት። እኔ ለካ መጀመሪያ ስፈታ ቀላቅያቸው ለሦስቱ የሚሆነውን የብረት ሮንዴላ እዚያ አድርጌአለሁ፤ መዳቧ በግራ በኩል ያለ ሥራ ተቀምጣ አገኘኋት።

አሮጌ ቁልፍ፦
በዕድሜዬ ያልሠራሁት ስህተት ቢሆን እስቅብህ ነበር። አሮጌዋ ተጨፍልቃለችና አዲስ የመዳብ ሮንዴላ ግዛ። ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ብቻ ፍታ፤ አንዱን አስረህ ሳትጨርስ ሌላውን እንዳትነካ፣ አለዚያ ጓርኒሲዮኑን ታነቃዋለህ። በመጨረሻ አራቱንም በሰያፍ በልኩ አረጋግጥ።

ባለ 125፦
እንዳሉኝ አደረግኩ። 300 ኪሎ ሜትር ሄዳለች፣ ፓውደሩ እንደ ነጣ ነው። ሦስተኛውን ጓርኒሲዮን ግን ገዝቼው ነበር።

አሮጌ ቁልፍ፦
አንድ ቀን ትፈልገዋለህ። ምስማር ላይ እንዳትሰቅለው ብቻ፤ ይጎብጣል። ከነማሸጊያው ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኛው።